እናቴን ባል የሞተባት ብዬ ያስመዘገብሁ ለት

ቅጹን የሞላሁት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ በር ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ባለባጃጁ ሦስተኛ ሰው ካልመጣልኝ አልነሳም ብሎ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልበትም። ስልኬን አወጣሁና ሦስተኛው ሰው ሳይመጣ ሞልቼ ጨርሼ ላክሁት። ያን ጊዜ አንድን ነገር ቶሎ መጨረስ ራሱ እውቀት ይመስለኝ ነበር። ከተመረቅሁ አምስት ወሬ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ ቤት ተቀምጬ የእናቴን ፊት ነው የማየው። አራት ዓመት ማኔጅመንት ተምሬ የማስተዳድረው ነገር አጥቼ ሳለ የቤተሰቤን ጉዞ አገኘሁ።

ጉዞው ወደ ጣና ነው። የእኛ አካባቢ የጉዞ ማኅበር በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሰብስቦ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ያወርድና ከዚያ በትልቅ ጀልባ ገዳማቱን ያሳልማል። መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ጉዞው ቀርቶ ነበር። ዘንድሮ ተከፍቷል ሲባል አባቴ ሰማ፤ ከሰማበት ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም።

አባቴ ታሞ ነበር። ገበሬ ነው፤ ገብስና ስንዴ ያርሳል፣ ባቄላም ይዘራል። በመኸሩ ወራት ሆዱን ያመው ጀመር፤ ከዚያ እህል አልወርድ አለው፤ ከዚያ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። ትልቅ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ከመሃላችን የተማረ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀና እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ጉበቱ ነው አለ። ተሠራጭቷል፣ ወደ ቤታችሁ ውሰዱት፣ የሚወደውን አብሉት አለ። እኔ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ለቆሙት ለእናቴና ለአጎቴ ነገርኋቸው። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጥብቃ ያዘችና እሱ እንዳይሰማ አለች። ጨጓራ ነው በሉት።

እኔ ተከራከርሁ። ሕይወቱ የራሱ ነው፣ ይወቅ፣ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል አልሁ። እናቴ በእኛ አገር ታማሚን እንዲህ የሚሉት ሳይሞት ሊገድሉት የፈለጉ ናቸው አለችኝ። አጎቴም በሷ ቆመ። በደብራችን ታቦት አስማለችኝ። ማልሁ። እኔ መዋሸት የማልችል ሰው ነኝ፤ ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ እናቴ ቶሎ ወደ ጓዳ ታስገባኝ ነበር፣ ያለ የሌለውን እንዳልዘረግፍ። እንግዲህ እኔን አምነው ነው ምስጢር ያሸከሙኝ።

አባቴ ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነው። ወጣት ሆኖ፣ ገና ሳያገባ፣ ከየኔታው ጋር ጣና ሄዶ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእናቴ ይነግራታል፤ ማዶው የማይታይ ውኃ አለ ይላታል። እሷ አታምነውም። የእኛ አገር ውኃ ገደል ለገደል የሚወርድ ነው፤ ቢበዛ ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሰው ያግዳል እንጂ ማዶው የማይታይ አላየችም። ማዶ የሌለው ውኃማ የለም፣ ዓይንዎ ነው የሰነፈው ትለዋለች። እናቴ አባቴን አንቱ ነው የምትለው፤ ስታሾፍበትም አንቱ እያለች ነው። ያን ጥር አባቴ አጥሩ ጥግ ፀሐይ እየሞቀ ጠራኝና ሁለታችንንም አስመዝግቢን አለኝ። ሌላ የምፈልገው የለም፣ አጠገቧ ተቀምጬ ውኃውን ስታየው ፊቷን ልይ፣ ከዚያ ታሹፍብኝ እንደሆነ አያለሁ አለ።

ሰምቼዋለሁ። ምን እንዳለ በደንብ ሰምቼዋለሁ። ይህን የምለው አልሰማሁም ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

ጀልባው ድሮ ዕቃ ይጭን የነበረ የብረት ጀልባ ነው። ሁለት ሁለት አልጋ ያላቸው ጥቂት ክፍሎች አሉት፤ የቀረው ሰው ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፎ ነው የሚያድር፣ ነፋሱም ከጎን ከጎን ይገባል። የማኅበሩ ደንብ አንድ ቤተሰብ በአንድ መዝገብ ይመዘገባል፤ ለአንድ መዝገብ ከአንድ ክፍል በላይ አይሰጥም፤ እሱም ታማሚ ወይም አቅመ ደካማ ካለ ነው። እንግዲህ እኛ አራት ነን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም የሆነው አጎቴ፣ እኔ። በአንድ መዝገብ ከገባን አባቴና እናቴ ክፍል ያገኛሉ፣ እኔና አጎቴ ሰሌን ላይ ነን።

ደንቡን ደጋግሜ አነበብሁት። ከታች አንድ ነገር አለ። ባል የሞተባት እናት በራሷ መዝገብ ከመጣች ክፍል ይሰጣታል፤ ያውም ከፊት፣ መስኮት ያለው፤ የምትረዳት አንዲት ሴት በነጻ ትሄዳለች፤ ሲወረድ ቀድማ ትወርዳለች፤ ጠበሉንም ሳትሰለፍ ይቀዱላታል። እኔ ይህን ሳይ ምን እንደታየኝ ግልጽ ነው። ቤተሰቡን ለሁለት ከፈልሁት። አባቴን በአጎቴ መዝገብ፣ ታማሚና አስታማሚ ብዬ፤ አንድ ክፍል። እናቴን በራሷ መዝገብ፣ እኔን ረዳቷ ብዬ፤ አንድ ክፍል። አራታችንም አልጋ ላይ። ማን ተጎዳ? አልሁ። ስለ እናቴ ወገብ ብዬ ነው ብልም ሰሌን ላይ መተኛት ያልፈለግሁት እኔ ነበርሁ።

ቅጹ ላይ አንድ ቦታ ያረፉት ባለቤት የክርስትና ስም ይላል። ባዶ ትቼው ልልክ ብል እንቢ አለ፣ ቀይ እየሆነ ይመልሰኛል። እንግዲህ የሆነ ስም መጻፍ አለብኝ። ሌላ ሰው ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ባለባጃጁ ሦስተኛውን ሰው ሲጠራ ሰማሁ፤ መጀመሪያ እጄ ላይ የመጣውን ስም ጻፍሁ፤ የአባቴን።

መዝገቡን የሚይዘው ሁለተኛ ደረጃ አብረን የተማርን ዲያቆን ነው። ቤታችንን አያውቀውም። ማታ መልእክት ላከልኝ፤ አባትሽ ማረፋቸውን አልሰማሁም ነበር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይላል። አሜን ብዬ መለስሁ። አባቴ ያን ሰዓት ከፊቴ ተቀምጦ አጥሚት እየጠጣ ነበር።

ለአጎቴ ክፍሎቹን እንዴት እንዳገኘሁ ግማሹን ነገርሁት፤ መዝገቡን ለሁለት ከፈልሁት አልሁት እንጂ ምን ብዬ እንደከፈልሁ አልነገርሁትም። ደስ አለው። ምሩቋ ይለኛል ሲያሾፍ። ምሩቋ፣ ይኼን ካስተማሩሽ የዩኒቨርሲቲውን ምግብ በከንቱ አልበላሽም አለኝ። ለእናቴ ክፍል አገኘን ብቻ አልኋት። ማንበብ አትችልም፣ እኔን ታምናለች።

የጉዞው ቀን ገና ከመነሻው ነገሩ መልኩን አሳየኝ። አውቶቡሱ ሁለት ነው፤ ሰው የሚሳፈረው በመዝገብ ቁጥር ነው። የእናቴ ቁጥርና የአጎቴ ቁጥር ተራርቋል። አባቴ አንድ እግሩን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አድርጎ ዞረና አብረን አይደለንም እንዴ አለኝ። እዚያ ስንደርስ ነው አባዬ፣ አልጋ እንድታገኝ ብዬ ነው አልሁት። እናቴ መድኃኒቱን በፌስታል አሥራ ለአጎቴ ሰጠችው፤ ሰዓቱንም ሦስት ጊዜ ነገረችው። አባቴ ወጣና በመስኮት በኩል ተቀመጠ። እኛ ከኋለኛው አውቶቡስ ሆነን እስከ ደብረ ታቦር ድረስ የፊተኛውን ጀርባ ስናይ ሄድን። ከዚያ ቀደመን፤ ጠፋ።

ጀልባው ላይም ያው ነው። የኛ ክፍል ከፊት፣ ከሴቶቹ በኩል፤ ታማሚ ወንዶች ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ። መሃል ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ጉዞው ጸሎት ነውና ወንድ ወደ ሴት፣ ሴትም ወደ ወንድ አታልፍም። በአንድ መዝገብ የገቡ ባልና ሚስቶች ግን መሃል ላይ ጎን ለጎን ተሰጥቷቸዋል። አየኋቸው። አንዲት አሮጊት ባሏን ጋቢ ስታለብሰው፣ እሱ ደግሞ ሲነጫነጭባት።

እናቴ ውኃውን ያየችው በመስኮቱ በኩል ነው። ጀልባው ከዳሩ ደንገል ወጥቶ የውኃው ሜዳ ሲገለጥ አልጋው ላይ ተንበርክካ አንገቷን አወጣች። ይኼ ነው እንዴ? አለች። ከዚያ ወደ ጎኗ ዞረች። እኔን አይደለም ያየችው፤ ያለሁበትን ቦታ ነው ያየችው፣ ሌላ ሰው እንደጠበቀች ሁሉ። አባትሽስ አለችኝ። ከኋላ ነው አልኋት። ልሂድ ብላ ተነሳች። የሴቶቹ አስተባባሪ ገመዱ ጋ መለሰቻት፣ በክብር ነው የመለሰቻት፤ እማማ ይረፉ፣ እርስዎ ቦታዎ ከፊት ነው አለቻት። ከጎናችን ካለው ክፍል የወጣች ሴት ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አባትሽ ካረፉ ቆዩ ወይ አለችኝ። ቅርብ ነው አልሁ። እንዲህ ቀላል ነው አንዱ ውሸት ሌላውን ሲያመጣው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ አጎቴ ነው። አባትሽ፣ አየችው ወይ ይላል አለኝ። አየችው አልሁ። ምን አለች ይላል። ይኼ ነው እንዴ አለች በለው። አጎቴ ከስልኩ ዞር ብሎ ሲነግረው፣ አባቴ ሲስቅ፣ ሳቁ ወደ ሳል ሲዞርበት ሰማሁ። በመሃላችን ሠላሳ እርምጃ ቢኖር ነው። ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን በስልክ ሰማው።

አልጋው ግን ጥሩ ነበር። ደህና ተኛሁ፤ ይህንንም አልደብቅም።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባው አንድ ደሴት ጥግ ቆመ። ከመውረዳችን በፊት ጸሎት አለ ተብሎ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ተሰበሰበ፤ ሴቶች ከፊት፣ ወንዶች ከኋላ፣ ገመዱ መሃል። ማኅበሩ የጋበዛቸው ቄስ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኛ ሰው አንዱንም አያውቁም። አስተባባሪዋ እየዞረች ለአንዳንዱ ሴት ጧፍ ትሰጣለች። ለእናቴም ሰጠቻት። እናቴ ለሁሉም የሚሰጥ መስሏት ተቀበለች። እኔ ግን ጧፍ የያዙት ከፊት ክፍል ያሉት ብቻ መሆናቸውን ልብ አልሁ። ዲያቆኑ ለቄሱ ወረቀት ሲያቀብላቸው አየሁ።

ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። ወረቀቱን ከእጃቸው ብነጥቅ ምን ይመጣል? ሰው ይስቅብኝ ነበር፣ ዲያቆኑ ይቆጣ ነበር፤ ያልፍ ነበር። ሁልጊዜ የምቸኩል ሰው ያን ጠዋት ብቻ ቁጭ አልሁ። ምናልባት አይጠሩት ይሆናል አልሁ።

ቄሱ ያረፉ ባሎቻቸውን እያሰቡ ለመጡ እናቶች ጸሎት እናድርስ አሉ። ከዚያ ስም መጥራት ጀመሩ። የሟቹን የክርስትና ስም፣ ቀጥሎ የባለቤቱን፣ ቀጥሎ ደብሩን። አንድ ስም ሲጠራ አንዲት ሴት ተነስታ ጧፏን ታበራለች፤ አንዳንዷ ታለቅሳለች። አራተኛ ላይ የአባቴን ጠሩ። ቀጥሎ የእናቴን። ቀጥሎ ደብራችንን። ስሙ ብቻ ቢሆን ሌላ ሰው ነው ይባላል፤ ሦስቱም ተደርድረው ሌላ ሰው አይሆንም።

እናቴ አልተነሳችም። አስተባባሪዋ ይነሱ እማማ ብላ ክንዷን ያዘች። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ኋላ እንደነገረችኝ ያን ጊዜ ያሰበችው በዚያች ሰዓት ከኋላ ሞቶ ነው የሚል ነው፤ እሷ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ተኝታ ሳለች እሱ ሞቶ፣ ለሁሉም ተነግሮ፣ ለሷ እንዲህ ሊነግሯት ነው። ጧፉን ጣለችው። ገመዱን አጎንብሳ አለፈችና በወንዶቹ መሃል ሄደች። ማንም አላገዳትም።

አባቴ ከኋላ አግዳሚው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። ወደ ቄሱ ነው የሚያየው፤ ልክ ሌላው ሰው እንደሚሰማው ይሰማል። እናቴ ከፊቱ ቆመች። ጉልበቱን ነካችው፤ ከዚያ ጉንጩን።

«አንቱ» አለችው። «የጻፈው ሰው ተሳስቶ ነው።»

«ተሳስቶ ነው» አለ አባቴ። «ሰው ይሳሳታል። ቁጭ በይ።»

አጎቴ ቦታውን ለቀቀላት። ቁጭ አለች። ቄሱ ምንም ሳያውቁ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ከዚያች ሰዓት እስከ መጨረሻው እናቴን ከአባቴ አጠገብ ያስነሳት የለም፤ ሊያስነሳት የሞከረም የለም። እንግዲህ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ውኃውም ፊታቸው ተዘርግቶ ነበር። እናቴ ግን የምታየው እግሯ ሥር ያለውን ብረት ነው፤ አባቴም ፊቷን አላየም።

ዲያቆኑ ነገሩ ሲገባው ወደ እኔ መጣ። አሜን ያልሽኝ ምን ብለሽ ነው? አለኝ። ቄሱ ጋ ወሰደኝ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእስክሪብቶ የአባቴን ስም ሰረዙና ከላይ ከሕሙማን ጋር ጻፉት። ለክፍል ነው? ብለው ጠየቁኝ። አዎ አባ አልሁ። ለንስሐ ስግደት ሰጡኝ። ልጄ፣ እኔን አሳስተሻል፣ አባትሽን ግን እንዳታሳስቺው፣ ራስሽ ንገሪው አሉኝ። እናቴ ያን ቀን ሙሉ አንቺ ነሽ? ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳር ወርደን አውቶቡስ ስንጠብቅ እናቴና አጎቴ ለመንገድ ዳቦ ሊገዙ ሄዱ። እኔና አባቴ ጥላ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቄሱ ያሉኝ እየከነከነኝ ነበርና እንደልማዴ ሳላመቻች ዘረገፍሁት። መዝገቡን፣ መስኮቱን፣ ሳይሰለፉ ጠበል መቅዳቱን፣ ቀይ እየሆነ የመለሰኝን ቦታ፣ ሁሉን ነገርሁት። ለአልጋ ብዬ ነው አባዬ፣ ሌላ ምንም የለበትም አልሁት።

አልተቆጣም። እንዲያውም ፈገግ አለ።

«ለአልጋ መሆኑን አምኛለሁ» አለ። «አንቺ እኮ ለአልጋ ብለሽ አጎትሽንም ትገድይዋለሽ።»

ሳቅሁ። ሲስቅ አይቼ ነው የሳቅሁት። ከዚያ ሳቁን ተወውና መሬቱን በዱላው ጫረ።

«የእኔን ስም ስትጽፊ ግን እጅሽ አልደነገጠም። አባትሽ ጤነኛ ቢሆን እጅሽ ይደነግጥ ነበር።»

ዱላው የጫረውን መሬት አየሁ።

«ሐኪሙ ለብቻሽ ጠርቶ ምን አለሽ?»

ጨጓራ ነው ማለት ነበረብኝ። ምዬ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ነው፣ ሁላችንም ወር ሙሉ ስንለው የከረምነው። አልወጣ አለኝ። እኔ የውሸት ነገር በስልክ እጽፋለሁ እንጂ አባቴን ዓይኑን እያየሁ መዋሸት አልችልም። ዝም ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ብዙ ሰው ይመላለሳል፣ የአውቶቡስ ረዳቶች ይጣራሉ፤ እኛ ተያይተን ጨረስን።

ራሱን ነቀነቀ። «ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ጨጓራ እንዲህ አያከሳም።» እጄን ያዘ። «ለእናትሽ እንዳወቅሁ አትንገሪያት። ደብቄዋለሁ ብላ ነው የምትጽናናው። እሱን አንውሰድባት።»

እናቴ ዳቦውን ይዛ ስትመጣ አባቴ ጨጓራዬ ዛሬ ሻል ብሎኛል አላት።

ከዚያ ያለው ሁለት ወር ነው። እኔ መሃላቸው ነበርሁ። አባቴ በቅሎ ላይ እየተደገፈ አጎቴን የመሬቱን ድንበር አዞረው፤ ከየትኛው ድንጋይ እስከየትኛው ግንድ የኛ እንደሆነ፣ የትኛው የእርሻ መደብ ዘንድሮ ገብስ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ማረፍ እንዳለበት። ተቀያይመው የከረሙትን ጎረቤታችንን ጠርቶ ታረቀ። የሱ ነገር የገባው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ያውቃል። እናቴ ግን ምን አስቸኮልዎ፣ ለከርሞ ራስዎ ያርሱት የለም እንዴ ትለዋለች። እሱ፣ ምን ላድርግ ሥራ ፈትቼ ነው፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው ይላታል። እሷ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅሳለች፤ ፊቷን ታጥባ ትወጣለች። እሱ ደግሞ ስትገባ ጠብቆ ያቃስታል፤ ስትወጣ ያቆማል። እኔ ሁለቱንም አያለሁ።

እብድ የምሆን መሰለኝ። ሁለት ሰው ሠላሳ ዓመት አብሮ ኖሮ እንዲህ ይለያያል? የሚባባሉት ነገር የለም? አንድ ቀን፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነው፣ እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። አባቴ ውስጥ ተኝቷል። አጠገቧ ተቀምጬ ምስሩን አብሬ መልቀም ጀመርሁ። ለአባቴ ቃል ብገባም ከእንግዲህ አልችልም ብዬ ቆርጫለሁ።

«እማዬ፣ አባዬ የሚያውቅ ቢሆንስ?» አልሁ።

እጇ ቆመ። ጠጠር አነሳችና ጣለችው።

«ቢያውቅ ለእኔ ይነግረኝ ነበር» አለች። «ካገባኝ ጀምሮ አንድ ነገር ደብቆኝ አያውቅም። እኔ ነኝ ዘንድሮ የደበቅሁት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ኩራት ነበረበት። አውቆ ዝም ብሎሻል ብላት ያን ሁሉ ዓመት ነው የምወስድባት። አይ፣ እንዲያው ነው ያልሁት አልኋት። ምስሩን ለቀምን። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ከጀመርሁ በኋላ ያቆምሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።

አባቴ ያረፈው ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ቤቱ ውስጥ ገብታ ነው። ከቤተ ልሔም ገዳም የመጡ ቄስ አቁርበውት ሄደዋል። እናቴ ከራስጌው ተቀምጣ ግንባሩን በርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ እኔ ከግርጌው ነኝ። አፉ ደርቋል፤ ዓይኑ ግን ልብ ያለው ዓይን ነው። አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በቃ ሊላት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ በሆዴ።

እናቴ ቀደመችው። ይድናሉ፣ ጥቂት ነው የቀረው፣ ለከርሞ በጥር ደግሞ እንሄዳለን፣ ያኔ በአንድ ላይ እንቀመጣለን አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ በደንብ አድርጋ ዋሸችው።

አባቴ አያት። ሊላት የነበረውን ተወው።

«እሺ» አላት።

ሌላ አልተናገረም። ትንሽ ቆይቶ ሄደ።

ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሰው ከስማዳም፣ ከእስቴም፣ ከየቦታው ነበር። እናቴ ለመጣ ሁሉ አንድ ነገር ትነግራለች። ምስኪን፣ ሳያውቅ ሄደ ትላለች። አልፈራም፣ አልተጨነቀም፣ እስከ መጨረሻው ለከርሞ እሄዳለሁ እያለ ነው የሄደው። ሰዎቹ ደግ አደረግሽ ይሏታል፤ ሚስት እንዲህ ነው እንጂ ይሏታል፤ ትንሽ ትጽናናለች። አጎቴ ይህን ስትል አንገቱን ይደፋል፤ እሱ የሚያውቀውን እኔ ጠይቄው አላውቅም።

እኔ ለእጅ ማስታጠቢያ ውኃ ይዤ በሰዎቹ መሃል እዞራለሁ። እናቴ አንዳንዴ መስክሪ በሚል ዓይን ወደ እኔ ትዞራለች፤ አይደለም እንዴ ልጄ፣ ምንም አላወቀም ትለኛለች። አዎ እላታለሁ። ምንም አላወቀም እላታለሁ። አሁን ዓይኗን እያየሁ ነው የምለው፤ ድምፄም አይንቀጠቀጥም።